የእንጦጦ ተራሮች

የእንጦጦ ተራሮች ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጉ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ የሚደርሱ፣ በጥንታዊ እሳተ ገሞራ የተፈጠሩ አነስተኛ የተራራ ሰንሰለት ናቸው።

ጫፋቸው የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች ድንበር ነው። በሰሜኑ ተዳፋት የወረደ ዝናብ በሱሉልታ ሜዳና በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ሲያመራ፣ በደቡቡ የሚነሱት እንደ ቀበናና ቀጨኔ ያሉ ወንዞች ከተማዋን አቋርጠው በአቃቂ በኩል አዋሽን ይቀላቀላሉ። ክረምቱ ዝናባማ፣ የበጋው ሌሊት ብርዳማ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በእንጦጦ ከተሙ። ሆኖም ቦታው ብርድና ነፋስ የበዛበት፣ ማገዶውም የተመናመነ ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃ አጠገብ አዲስ አበባን ቆረቆሩ። በ1882 ዓ.ም. ግን ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተቀቡት እዚያው በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው።

የቀድሞው የጽድና የወይራ ደን ሲመነጠር፣ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ተዳፋቱን ሸፈነ። ፈጥኖ በማደጉ ለከተማዋ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ሆነ።

ዛሬ በተራሮቹ ላይ የእንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የኅዋ ምልከታ ጣቢያና በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ይገኛሉ።