ቴሌቪዥን እንዴት ቤታችን ገባ? ከቪዲዮ ቤት እስከ ሜሞሪ ካርድ

በታሪክ ዓምድ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ድንበር ብዙ ይጻፋል። የዛሬው ጽሑፋችን ግን ስለ አንድ የቤት ዕቃ ነው። ፊልምና ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በአካባቢያቸው ገንዘብ የሌለው ሰው ቤት ድረስ እንዴት እንደገባ እናያለን። «ይሄም ታሪክ ነው እንዴ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። አዎ ነው። ዋጋው በረከሰ ቁጥር የሚያየው ሰው እየተለወጠ መጥቷል፤ በተለይ እናቶችና ሴት ልጆች ስክሪን ፊት የተቀመጡት ከወንዶቹ ብዙ ዓመት ዘግይተው ነው። ለምን ዘገዩ? (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አዲስ አበባ ፊልም ያየችው ገና በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ሕዝቡ ግድግዳ ላይ ሰው ሲንቀሳቀስ አይቶ ደነገጠና የሚያሳዩበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። ቴሌቪዥን የመጣው በጣም ቆይቶ ነው፤ በኬንያ በ1962፣ በኢትዮጵያ በ1964። ያኔ ቴሌቪዥን መግዛት የባለሥልጣንና የነጋዴ ጉዳይ ነበር። የቀረው ሰው የሚያየው ጎረቤት ሄዶ ነው። የዚያን ጊዜ ልጆች የነበርን እናስታውሳለን፤ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ወለል ላይ ተደርድሮ ይቀመጣል፣ ከባለቤቶቹ ልጅ ጋር ቀን የተጣላ ደግሞ ማታ አይገባም። የፈለገ ጉልበተኛ ቢሆን ለቴሌቪዥን ሲል ብይውን ያስረክባል።

ዋናው ለውጥ የመጣው በካሴት ነው። ሶኒ ቤታማክስን በ1975፣ ጄቪሲ ደግሞ ቪኤችኤስን በ1976 አወጡ፤ በኋላ ዓለምን የያዘው ቪኤችኤስ ነው። ወደ እኛ አገር ዴኩ የመጣው ከጂዳና ከቤይሩት በሚመለሱ ሰዎች ሻንጣ፣ በጅቡቲ በኩል ወደ ድሬዳዋ፣ ከሶማሌላንድም በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ጅጅጋ ነው። ከዚያ መርካቶ ይደርሳል። ዴክ ለመግዛት አቅም የሌለው ይከራያል። ለበዓል ወይም ለቅዳሜና እሁድ ሰፈርተኛ ገንዘብ ያዋጣና ዴኩ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን ታቅፎ ይመጣል። በአንድ ሌሊት አራትና አምስት ፊልም ይታያል፤ ኪራዩ የተከፈለው በሰዓት ሳይሆን በቀን ነዋ!

ለዘወትር ግን ቪዲዮ ቤት ነበር። አሁን ያለው ተማሪ ስላላየው እንግለጸው። ጭቃ ቤት፣ መስኮቱ በካርቶን ወይም በብርድ ልብስ የተሸፈነ፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ። በር ላይ በጠመኔ የዕለቱ ፕሮግራም ይጻፋል፤ 8 ሰዓት ህንድ፣ 10 ሰዓት ካራቴ፣ ማታ አክሽን። መግቢያው ሳንቲም ነው፤ ልጅ የዳቦውን አጠራቅሞ የሚችለው ማለት ነው። ብሩስ ሊ፣ ቫንዳም፣ ሽዋዚንገር፣ አሚታብ ባቻን ሁሉም የሰፈር ሰው ሆነው ነበር። መብራት ከጠፋ «ገንዘባችን ይመለስ» የሚለው ጩኸት ከፊልሙ ይበልጥ ነበር።

ወላጆችና መምህራን ቪዲዮ ቤትን አይወዱም ነበር። ልጆች ከትምህርት ይቀራሉ፣ ማታ ማታ ለልጅ የማይሆን ነገር ይታያል ይባላል። ያሉት ውሸት አልነበረም። ግን ሲጻፍ የማይነሳ አንድ ነገር አለ፤ እዚያ አግዳሚ ላይ ሴት ልጅ አልነበረችም። እህቶቻችን ፊልሙን የሚያውቁት እኛ ቤት መጥተን ስናወራው፣ ግቢ ውስጥም እየተንፈራገጥን ስናሳያቸው ነው። ቪዲዮ ቤት የታየች ልጅ ስሟ ይበላሻል። መግቢያው ርካሽ ነበር ብለን ስንጽፍ ለማን እንደረከሰ መናገር ይገባናል።

ታዲያ ስክሪኑን ከቪዲዮ ቤት ወደ መኖሪያ ቤት ያመጣው ምንድን ነው? አንዱ ሲዲ ነው። ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ ምስሉ በየጊዜው ይደክማል። አራተኛ ወይም አምስተኛ ግልባጭ ላይ ሲደርስ ፊቱ አይለይም፣ ዝናብ የሚዘንብ ይመስላል። አቧራ ደግሞ የዴኩን ራስ ይይዘዋል፤ በጥጥና በአልኮል መጥረግ የእያንዳንዱ ባለ ዴክ ሙያ ነበር። በ1993 ደረጃው የወጣለት ቪሲዲ ይህንን ሁሉ ቀየረ። ምስሉ በቁጥር ስለሚመዘገብ መቶኛውም ግልባጭ ከመጀመሪያው አያንስም፤ ባዶው ሲዲ ደግሞ ከካሴት በጣም ይረክሳል። አንድ ሲዲ የሚይዘው 74 ደቂቃ ያህል ነው፤ ስለዚህ ተራ ፊልም ሁለት፣ የህንድ ፊልም ሦስት ሲዲ ይሆናል። ሁለተኛው ሲዲ ተጭሮ አልሰራ ያለበት ቤት መጨረሻውን ራሱ ይፈጥራል። ከመሀላችን እስከ ዛሬ መጨረሻቸውን የማናውቃቸው ፊልሞች ያሉን አለን።

ይህ ርካሽነት ተጎጂም ነበረው። ፊልም ሠሪው ለፍቶ ያወጣውን በማግስቱ በየመንገዱ ተገልብጦ ያገኘዋል። ኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ያወጣችው በ2004 ነው፤ ግልበጣው ግን በአዋጅ አልቆመም። በሌላ በኩል ናይጄሪያን እንይ። በ1992 ኬኔት ንኔቡዌ የተባለ ነጋዴ «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ» የተባለውን በኢግቦኛ የተሠራ ፊልም በቀጥታ በቪኤችኤስ ካሴት አወጣ። ሲኒማ ቤት ሳይጠብቅ፣ ሰው ሳሎኑ ቁጭ ብሎ እንዲያየው። ኖሊዉድ የሚባለው ትልቅ ኢንዱስትሪ ያደገው ከዚህ ዓይነቱ ካሴት ነው። እኛ የተከራየናቸው የናይጄሪያ ፊልሞች የዚያ ልጆች ናቸው፤ ጠንቋዩም፣ አማቲቱም፣ ውርሱም ለኛ እንግዳ ስላልነበሩ እናቶቻችን እንግሊዝኛውን ሳይሰሙ ይከታተሏቸው ነበር።

ሁለተኛው ዲሽ ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከምድር ጋር እኩል ይዞራል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ቦታ የቆመ ይመስላል፣ ዲሹም አንዴ ከተስተካከለ መንቀሳቀስ የለበትም። የግብጹ ናይልሳት 101 በ1998 ወጣ። የዲሽ ትልቁ ነገር ወርሃዊ ክፍያ የሌላቸው ጣቢያዎች መኖራቸው ነው፤ ዲሹንና ሪሲቨሩን አንዴ ከገዛህ በቃ። በ1995 የተጀመረው ዲኤስቲቪ በየወሩ ስለሚያስከፍል የኳስ ማሳያ ቤቶችና የሆቴሎች ነበር። ነፃው ኤምቢሲ 2 ግን በ2003 ሲመጣ ቀኑን ሙሉ የአሜሪካ ፊልም በነፃ መጣ። አንዱ ጣራ ላይ ወጥቶ ዲሹን ሲያዞር ሌላው ከቤት «መጣ! መጣ! ኧረ ሄደ!» እያለ ሲጮህ መስማት የዚያን ዘመን የሰፈር ድምፅ ነው። ዲሽ መግዛት ያልቻለ ከጎረቤት ሪሲቨር ገመድ ይስባል። አንድ ሪሲቨር በአንድ ጊዜ የሚያወጣው አንድ ጣቢያ ብቻ ስለሆነ ግን አምስት ቤት የሚያየው ሪሞት የያዘው ሰው የመረጠውን ነው። ባለ ሪሞቱ ዜና ወዳድ ከሆነ ሰፈሩ በሙሉ ዜና ሲያዳምጥ ያመሻል።

(በነገራችን ላይ ሳተላይት ክፍል ውስጥም ገብቷል። ከ2004 አካባቢ ጀምሮ በኢትዮጵያ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በእንግሊዝኛ በፕላዝማ ይሰጥ ነበር። መምህራን ስለ ፕላዝማ የሚሉት አንድ ነው፦ ፈጣን ነው፣ «ድገምልኝ» ቢሉት አይደግምም።)

ዲሹ ሳሎን ገባ፤ እናትም ሴት ልጅም አሁን ክፍሉ ውስጥ ናቸው። ሆኖም ፊልሙ በእንግሊዝኛ፣ ጽሑፉ በዓረብኛ ነው። ዋጋው ቢረክስም ቋንቋው ገና ውድ ነበር። ይህንን በመጀመሪያ የፈቱት ድሆቹ የቪዲዮ አዳራሾች ናቸው። በኡጋንዳ ቪጄ የሚባሉት ተርጓሚዎች ማይክራፎን ይዘው ፊልሙ እየሄደ በሉጋንዳ ይተርካሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ክፉውን ይሰድባሉ፤ ቪጄ ጂንጎ ከታወቁት አንዱ ነው። በኬንያ ዲጄ አፍሮ በኪስዋሂሊ ይህንኑ ይሠራል። ሶማሌ ጎረቤቶቻችን የህንድ ፊልም በሶማሊኛ ተተርጉሞላቸው ሲያዩ ቀንተን እናውቃለን።

በአማርኛ ይህ በስፋት የመጣው ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ሲጀምር ነው። «ኩዚ ጉኒ»ን የመሳሰሉ የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ተተርጉመው መጡ። በዚያው ሰሞን የአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች «ሥራችንን ይገድላል፣ ባህል ያበላሻል» ብለው ተቃወሙ፤ ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም። እኛ ግን አንድ ነገር በዓይናችን አይተናል። ማንበብ የማትችል እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም «ምን አለ?» ብላ ሳትጠይቅ ሙሉ ታሪክ ተከታትላለች፣ በማግስቱም ውሃ ወረፋ ላይ ለጎረቤቷ የምትተርክ እርሷ ሆናለች። በ2019 ደግሞ ኢትዮሳት ተጀመረና የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደዚያ እየተዛወሩ ሄዱ። ናይልሳት በምዕራብ፣ ኢትዮሳት በምሥራቅ ስለሆኑ ሰው ወይ ዲሹን አዞረ፣ ወይ ሁለተኛ ዲሽ ጨመረ።

ወደ ካኩማ እንምጣ። ካምፑ በ1992 ሲቋቋም የመንግሥት መብራት አልነበረም። ብልሃተኛ ነጋዴ ጄኔሬተር ይተክልና ወደ ሱቅና ወደ ቤት ሽቦ ይስባል። የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ዲሽ ሰቅለው ኳስና ፊልም ያሳዩ ነበር፤ ሻይ ያዘዘ ያያል፣ ያላዘዘ በአጥር ቀዳዳ ያያል። ከ2001 ጀምሮ ፊልምኤይድ የተባለው ድርጅት ማታ ማታ በመኪና ላይ ትልቅ ስክሪን ዘርግቶ ሜዳ ላይ በነፃ ያሳይ ነበር። ነፃ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሜዳው ጨለማ ነው፣ መንገዱም ጨለማ ነው፤ በኛ ሰፈር ሴት ልጁን ወደዚያ ለመላክ የማይሰጋ ወላጅ አልነበረም። ነፃ ቢሆንም እንደ ቪዲዮ ቤቱ ሆነ ማለት ነው።

ቤት ውስጥ ለማየት ደግሞ ካምፕ ውስጥ ውዱ ነገር ዕቃው ሳይሆን ኃይሉ ነው። እስቲ እናስላው፤ የሒሳብ መምህራንም ለክፍል ይጠቀሙበት። 12 ቮልት፣ 50 አምፔር-ሰዓት የሆነ የመኪና ባትሪ 600 ዋት-ሰዓት ይይዛል። እንዳይሞት ከግማሽ በላይ ማውረድ የለብንም፤ የቀረን 300 ነው። አሮጌው 14 ኢንች ቴሌቪዥን ከሲዲ ማጫወቻው ጋር 65 ዋት ያህል ይበላል፤ አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ሲቀነስ አንድ የህንድ ፊልም አይተን ሌላውን ሳንጨርስ ይጠፋል። ከዚያ ባትሪውን በጋሪ ጭኖ ቻርጅ ማስደረግ ነው። በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራው ትንሹ ኤልኢዲ ቴሌቪዥን ግን 20 ዋት ያህል ስለሚበቃው በዚያው ባትሪ 15 ሰዓት ይሠራል። የሶላር ሰሌዳ ሲጨመርበት የጋሪው ኪራይም ይቀራል። ለካምፕ ቤት ከዲሽም ከሲዲም የበለጠ ለውጥ ያመጣው ይህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ኬንያ በ2015 የቆየውን የአናሎግ ስርጭት ስታጠፋ ብዙ ሰው «ቴሌቪዥናችን ሞተ» ብሎ ነበር። አልሞተም፤ ዲኮደር የምትባለዋን ሳጥን የገዛ አሮጌውን ይዞ ቀጥሏል። ኢንተርኔቱም ተሞክሯል። ኔትፍሊክስ በ2021 ለኬንያ የስልክ ተጠቃሚዎች ነፃ ፕላን አውጥቶ በ2023 አቋረጠው፤ ከፊልሙ ይልቅ ዳታው ለሚከብደው ሰው ግን ነፃውም ነፃ አልነበረም።

ብዙ ወጣት ዛሬ የሚያየው በሜሞሪ ካርድ ነው። ኮምፒውተር ያለው ሱቅ በጥቂት ሽልንግ ፊልም ይሞላል፤ ለስልክ ተጨምቆ የተዘጋጀ አንድ ፊልም 300 ሜጋባይት ቢሆን በ4 ጊጋባይት ካርድ ላይ 13 ይገባል። ዲሽ የለ፣ ጄኔሬተር የለ፣ በር ላይ የቆመ ገንዘብ ተቀባይ የለ። ሴት ልጅም ዕቃ አጥባ ስትጨርስ አጎበር ውስጥ ሆና ማየት ትችላለች። ስልኩ ግን የማን ነው? ተማሪዎቻችንን ስንጠይቅ ብዙዎቹ ሴቶች «የወንድሜ» ነው የሚሉን። ወንድም ወደ ኳስ ሜዳ ሲሄድ ስልኩን ቻርጅ ላይ ትቶት ከሄደ ግማሹን ታያለች፤ ቀሪውን ደግሞ በሌላ ቀን፣ ካርዱ ላይ ሌላ ካልሞላበት።