በእግር ወደ አድዋ

ስሙኝማ ወዳጆቼ፣ የአንድ መንገድ ታሪክ ላውጋችሁ።

ዘመኑ 1888 ዓ.ም. ነው። በመስከረም የክተት ነጋሪት ተጎሰመ፤ ሠራዊቱም ወረኢሉ ላይ ከተተ። ፈረስና በቅሎ ያለው ጥቂቱ ነው። ብዙው ስንቁን አዝሎ በባዶ እግሩ ወደ ሰሜን አቀና፤ ጋን የተሸከመች፣ ድርቆሽ የቋጠረች ሴት ከጎኑ አለች። የፊት ጦሩ ኅዳር 28 ቀን አምባላጌ ላይ የጣሊያኑን አዛዥ የቶዜሊን ጦር ሰበረ። መቀሌ ሲደርሱ እቴጌ ጣይቱ መላ ዘየዱ፤ እንዳ ኢየሱስ ላይ የመሸገው ጠላት ከሚቀዳበት ምንጭ ተቆረጠና ውኃ ጥም አስለቀቀው። የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል።

ድሉ በየዓመቱ ይከበራል። መንገዱን ግን ማን አስታወሰው? ማንም።

እነሆ ከ118 ዓመት በኋላ፣ በ2006 ዓ.ም.፣ ጥቂት ወጣቶች ከአዲስ አበባ ተነሥተው በእግራቸው አድዋ ድረስ ሄዱ። ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው! ስሙንም ጉዞ አድዋ አሉት። በየዓመቱ ሌሎች ተከተሏቸው፤ ባንዲራ ይዘው፣ እግራቸው ውኃ ቋጥሮ፣ የጣርማ በርን ብርድና የቆላውን ሐሩር እየተቀበሉ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የአገራችን ጎብኚ ለብዙ ዘመን ከጎንደር ላሊበላ፣ ከላሊበላ አክሱም በአውሮፕላን ሲዘል ኖሯል። በመካከል ያለው አገር በመስኮት የሚታይ ነበር። እግረኛ ግን መዝለል አይችልም። ሲመሽበት በደረሰበት ያድራል፤ እንጀራውን ከትንሿ ከተማ ይገዛል፤ ገንዘቡም ከጉልት ነጋዴዋ እጅ ይገባል። ውጫሌ ሲደርስ ከጣሊያን ጋር የተደረገው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ የፈተና ጥያቄ መሆኑ ይቀርና፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመበትን አገር አፈር ይረግጣል። መቀሌ ሲገባ እንዳ ኢየሱስ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሆኖ፣ እኩዮቹ ደብተር ይዘው ሲመላለሱበት ያገኘዋል። ሽማግሌውም ወጣት መጥቶ ሲጠይቀው ነው አባቱ የነገረውን የሚያወጣው። ጠያቂ ያጣ ትውስታ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፤ ስንቱ እንዲሁ ሄዷል!

እኔ እንደሚገባኝ የእነዚህ ልጆች ትልቁ ሥራ ይህ ነው። አጥርና ትኬት ቆራጭ የሌለውን መንገድ ቅርስ አደረጉት። የካቲት 23 ማለዳ በመኪና ደርሶ፣ የሶሎዳን ተራራ ከጀርባ አድርጎ ፎቶ ተነሥቶ የሚመለስም አለ፤ አልነቅፈውም። በየመንደሩ ያደረው ግን ሌላ አደራ ይዞ ይመለሳል።

ያ አደራ ተፈተነ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ፈነዳ፤ መንገዱም ተዘጋ። ተጓዦች ያደሩባቸው ከተሞች የጦር ዜና ሆኑ። ከውቅሮ በስተሰሜን ያለው፣ የእስልምና የመጀመሪያ ስደተኞች መታሰቢያ የሆነው የነጋሽ መስጊድ ተመታ፤ ሚናሬውም ተጎዳ። በዚያ በኩል በእግሩ ያለፈ ወጣት ዜናውን ሲሰማ የሚያስበው ድንጋዩን ብቻ አይደለም፤ ውኃ ያጠጣው ሰው ፊት ይመጣበታል። ቅርስ ጠባቂ የሚወለደው ከዚህ ሕመም ነው ብዬ አምናለሁ። አዋጅም በጀትም ያስፈልጋል፤ ሕመሙ የሌለበት ግን ሁለቱንም መሳቢያ ውስጥ ይተዋቸዋል።

እናንተ ወጣቶች ሆይ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ተነሡ። ሺህ ኪሎ ሜትር ባትችሉ ከደሴ ውጫሌ ሂዱ። ስልካችሁን ከራሳችሁ ፊት መልሱና ወደ ሽማግሌዎቹ አዙሩት፤ ሠራዊቱ የሰፈረበትን ሜዳ፣ የጠጣበትን ወንዝ ስም ጠይቁና ቅዱ። የቀዳችሁትንም ለቅርብ ትምህርት ቤት ስጡ። ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ድረሱባቸው።