መድፍ የሸሸገችው የዓሣ ማጥመጃ መርከብ

በሰሜን ተራራ ግርጌ፥ በደባርቅና በዳባት፥ አርበኛው መለዮ አልነበረውም፤ በመልኩ ባላገር ነበረ። የወልቅፊት ምሽግ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እስኪወድቅ ድረስ ጠላት አርበኛውን ከገበሬው መለየት ይቸግረው ነበር።

በባሕርም እንግሊዞች ተመሳሳይ ዘዴ ነበራቸው። ስውር ጦራቸው በ1933 «ሜድ ኦነር» የተባለች ባለሸራ የዓሣ ማጥመጃ መርከብ ወስዶ፥ በላይዋ በተሠራች ጎጆ መድፍ ሸሽጎ፥ በፑል ወደብ ሰዎቹን አሠለጠነባት። በነሐሴም ወደ ምዕራብ አፍሪቃ ላካት። በጥር 1934 እነዚሁ ሰዎች በሁለት ጎታች ጀልባዎች ተሳፍረው፥ «ዱኬሳ ዳኦስታ» የተባለችውን የኢጣልያ መርከብ ገለልተኛ በነበረችው በእስፓኝ ግዛት፥ በፌርናንዶ ፖ ወደብ ማረኩ።

ዘዴው ሠመረ፤ ነገር ግን ዋጋ አለው። መርከብ መድፍ ስትሸሽግ እውነተኛው ዓሣ አጥማጅ፥ ገበሬም ጠመንጃ ሲሸሽግ ጐረቤቱ ይጠረጠራል። የድልን ታሪክ ስንጽፍ ይህንንም የሰላማዊ ሰው ዕዳ አብረን ልንመዝን ይገባናል።