ስለ ናዳና ስለ ማስጠንቀቂያው

በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ነገር ናዳ ነው። በአልፕስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች በብርዱ ወራት ከሁሉ ይልቅ የሚፈሩት የበረዶ ናዳን ነው። በረዶ ለአገራችንም ፍጹም እንግዳ አልነበረም። በአዱሊስ በድንጋይ ዙፋን ላይ ተቀርጾ የነበረውን፥ ቆስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት የገለበጠውን ጽሑፍ ብንመለከት፥ ስሙ በጽሑፉ ላይ ያልቀረልን አንድ ንጉሥ ወደ ስሜን ተራሮች በዘመተ ጊዜ በረዶው የሰውን እግር እስከ ጉልበት ይውጥ እንደ ነበረ ይነግረናል። ነገር ግን የተነሣነው ስለ ስሜን ብርድ ለመናገር አይደለም፤ በገዛ ከተማችን፥ ከአየር ጤና ሰፈር አቅራቢያ ስለ ተናደው ስለ ሌላ ተራራ ነው።

አስቀድመን የናዳን ጠባይ እንመልከት። በረዶ በተራራ ወገብ ላይ የሚከማቸው በአንድ ቀን አይደለም፤ ድርብ በድርብ ላይ እየተነባበረ ነው። ከድርቦቹ አንዱ ልል የሆነ እንደ ሆነ፥ በላዩ የሚጨመረው ክብደት አንድ ቀን ከመሸከም ዐቅሙ ያልፍና የላዩ ሁሉ በአንድነት ይንሸራተታል። ይህም ይበልጡን የሚሆነው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ቀጥ ባለው ገደል ላይ በረዶው ሳይከማች ይራገፋልና። ብዙ ጊዜም ተራራው ምልክት ይሰጣል፤ በረዶው ይሰነጠቃል፥ ከመንገደኛው እግር በታችም የታፈነ ድምፅ ይሰማል። ስለዚህ ተራራን የሚያውቁ ሰዎች አደገኛውን ቁልቁለት የሚሻገሩት አንድ በአንድ ነው፤ አንዱ ሲሻገር የቀሩት ከደኅና ስፍራ ቆመው ይጠብቁታል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የኦስትሪያ ወታደሮች በማርሞላዳ ተራራ ሥር ሰፍረው ነበር። አዛዣቸው አደጋውን ተረድቶ ሰፈሩ እንዲዛወር ለበላዮቹ አመለከተ፤ አልተፈቀደለትም። ታኅሣሥ 4 ቀን 1909 ዓ. ም. ማለዳ ናዳው ወርዶ 270 ያህል ሰዎችን ቀበረ። ማመልከቻው በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደ ዋለ ለመገመት ለእኛ ለጽሕፈት ቤት ሰዎች የሚያዳግተን አይመስለኝም።

ወደ ቆሼ እንመለስ። ስሙ ከቆሻሻ የወጣ፥ በመንግሥት መዝገብ ረጲ የሚባለው ይህ ስፍራ 36 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው፥ ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባን ጥራጊ ሲቀበል የኖረ ነው። ስሙ ስለ ጤናማ አየር ከሚናገር ሰፈር ጎረቤት መሆኑ ያስገርማል። ቆሻሻም እንደ በረዶ ድርብ በድርብ ላይ ይነባበራል፤ ውስጡ ይበሰብሳል፥ ጋዝ ያፈልቃል፥ ውሃ ይሰርገዋል፥ በላዩም በየቀኑ አዲስ ጭነት ይጨመርበታል። በግርጌው ደግሞ ሰዎች ጎጆ ሠርተው ይኖሩ ነበር፤ ብዙዎቹም ከክምሩ ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ የሚያድሩ ነበሩ። አደጋውን ሳያውቁ ቀርተው ነው ማለት አይቻልም፤ ኪራዩ ርካሽ፥ እንጀራውም እዚያው ነበረ።

ከተማውም ስፍራው እንደ ሞላ ያውቅ ነበር። በ2008 ዓ. ም. በሰንዳፋ አጠገብ አዲስ መጣያ ተከፈተ፤ ዳሩ ግን የአካባቢው ገበሬዎች አጥብቀው ስለ ተቃወሙ በወራት ውስጥ ተዘግቶ ጭነቱ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ. ም. ቅዳሜ ማታ፥ ሰው ወደየቤቱ በገባበት ሰዓት፥ የክምሩ አንድ ወገን ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ቁፋሮው ብዙ ቀን ፈጀ፥ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘንም ታወጀ። በማኒላ የፓያታስ ክምር በ1992 ዓ. ም.፥ በኢንዶኔዥያም የሌዊጋጃ ክምር በ1997 ዓ. ም. በተናዱ ጊዜ ብርቱ ዝናም ቀድሟቸው ነበር። የእኛው የተናደው ግን ክረምቱ ሳይገባ ነው። በነሐሴ 2010 ዓ. ም. በዚያው በረጲ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመረቀ።

በበረዶ ናዳ የተቀበሩ ሰዎች በ10 ደቂቃ ውስጥ ከተቆፈሩ አብዛኞቹ በሕይወት ይወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ተስፋው በፍጥነት ይመነምናል። ስለዚህ ጎረቤት ለጎረቤቱ ቢሮጥ የሚያስደንቅ አይደለም። በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፥ በሐምሌ ወር አጋማሽ 2016 ዓ. ም.፥ ብርቱ ዝናም የጠጣው መሬት ተንሸራትቶ ቤቶችን በቀበረ ጊዜ የአካባቢው ሰው አካፋና ዶማ ይዞ ደረሰ። እነርሱ በመቆፈር ላይ ሳሉ ሁለተኛው ናዳ መጣ። ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች ብዙዎቹ ሌላውን ለማውጣት የደረሱ ነበሩ።

በበረዶ አገር ግን ነፍስ አድን ሠራተኞች ቁፋሮ ሲጀምሩ አስቀድመው አንድ ሰው ይመድባሉ። የዚህ ሰው ሥራ አካፋ መያዝ አይደለም፤ ቁልቁለቱን ወደ ላይ እያየ መቆምና የሚንቀሳቀስ ነገር ባየ ጊዜ መጮኽ ነው።