አይሶፕሮፒል አልኮል፦ በሬዚን ካታሊስት የሚመረትበት መንገድ እና በአጠቃቀሙ ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

እንደ ሌሎች የአገራችን ከተሞች ሁሉ በወልቂጤና በቡታጅራም ለቆዳ ማጽጃና ለእጅ ማጽጃ (ሳኒታይዘር) ማምረቻ የሚውለው ፈሳሽ በጥቅሉ «አልኮል» እየተባለ ይሸጣል። ሆኖም በዚህ ስያሜ የሚጠሩት ኢታኖልና አይሶፕሮፒል አልኮል በምንጫቸው ይለያያሉ። ኢታኖል ከስኳር ተረፈ ምርት (ሞላሰስ) በእርሾ ተብላልቶ የሚገኝ ሲሆን በፊንጫና በመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ሲመረት ቆይቷል። አይሶፕሮፒል አልኮል ግን በአብዛኛው የሚሠራው በነዳጅ ማጣሪያዎች ከሚገኘው ፕሮፒሊን ከተባለ ጋዝ ነው። በአገራችን በሥራ ላይ ያለ የነዳጅ ማጣሪያ ባለመኖሩም ከውጭ ይገባል።

ፕሮፒሊን አልኪን ከሚባሉት ውህዶች አንዱ ነው። አልኪኖች በሁለት የካርቦን አቶሞች መካከል ጥንድ ትስስር ያላቸው ሲሆን፣ በዚህ ትስስር ላይ ውሃ ሲጨመር አልኮል ይገኛል። ይሁን እንጂ ውሃና ጋዙ ብቻቸውን በሚፈለገው ፍጥነት አይዋሃዱም፤ አሲድነት ያለው ካታሊስት፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ሂደቱን የሚያፋጥን ነገር፣ ያስፈልጋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1920 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ምርቱ ሲጀመር ለዚህ ያገለገለው ሰልፈሪክ አሲድ ነበር። አሲዱ የብረት ዕቃን ይበላል፤ ከምርቱ መለየትና በየጊዜው ዳግም ማጠናከርም ይጠይቃል።

ጠጣር ሬዚን ይህን ችግር አቃልሏል። ሬዚኑ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ የፖሊስታይሪን እንክብሎች ስብስብ ሲሆን፣ ሰልፎኒክ አሲድ በእንክብሎቹ ላይ ተጣብቆ ይገኛል። ውሃና ፕሮፒሊን ከ130 እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀትና በከፍተኛ ግፊት በእንክብሎቹ መካከል ሲያልፉ አልኮል ይሆናሉ፤ ሬዚኑ እዚያው ይቀራል። ደካማ ጎኑ ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ ከዚህ በላይ ሲጨምር አሲዱ ከእንክብሉ እየተላቀቀ ካታሊስቱ ይዳከማል። ከዚሁ የሬዚን ቤተሰብ የሆነው በውሃ ማለስለሻ መሣሪያ ውስጥ ይገኛል፤ ነገር ግን አሲዱ በሶዲየም የተተካ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይውልም።

ለገዢና ለአምራች ትልቁ ቁም ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከፋብሪካው የሚወጣው አልኮል ከውሃ ጋር የተቀላቀለ በመሆኑ ይነጠራል፤ በተራ ማንጠር ግን በይዘት ከ91 በመቶ ገደማ በላይ ማጥራት አይቻልም። 99 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነው ተጨማሪ ሂደት ያለፈ ነው። ስለዚህ በገበያ ሁለቱም ይገኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ለ10 ሊትር የእጅ ማጽጃ 7,515 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል ያዝዛል፤ ይህ ልክ ግን 99.8 በመቶ ለሆነው ብቻ የተሰላ ነው። አምራቹ 91 በመቶውን በዚሁ ልክ ቢጠቀም የምርቱ የአልኮል መጠን ከሚፈለገው 75 በመቶ ወደ 68 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ትክክለኛው ልክ 8,240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ስህተቱ በዓይንም በሽታም ስለማይታወቅ የጥራት ምርመራ የምስክር ወረቀት ሳይጠይቁ በርሜል መግዛት አይመከርም።

የምስክር ወረቀቱ ሌላም ጥቅም አለው። ሜታኖል የተባለው መርዛማ አልኮል መልኩ ከሁለቱ አይለይም፤ ክብደቱም ለአንድ ሊትር 0.79 ኪሎ ግራም ገደማ ሆኖ ከሁለቱ ጋር የተቀራረበ ነው። በመሆኑም በተለምዶ በሚሠራበት የአልኮል መለኪያ ሊለይ አይችልም። ሜታኖል የጠጣን ሰው ዓይን ሊያጠፋ፣ ሕይወቱንም ሊቀጥፍ ይችላል። አይሶፕሮፒል አልኮልም ቢሆን የሚጠጣ አይደለም፤ በስህተት የጠጣ ሰው እንዲያስታውክ ሳይገደድ፣ መያዣ ዕቃው ተይዞ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባል።

የአይሶፕሮፒል አልኮል ተን በ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድም በእሳት ሊያያዝ ስለሚችል፣ በከሰል ምድጃ፣ በሻማ ወይም በብየዳ ሥራ አጠገብ አይቀመጥም፤ ከበርሜል ወደ ጀሪካን የሚገለበጠውም አየር በሚያገኝ ስፍራ ነው። የውሃ ወይም የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ለመያዣነት አይውልም። የእጅ ማጽጃ አምርቶ ለመሸጥ የሚፈልግ ግለሰብ ወይም ማኅበር ጥሬ ዕቃ ከመግዛቱ አስቀድሞ ስለ ብቃት ማረጋገጫ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን፣ ወይም በአካባቢው የሚገኘውን የጤና ተቆጣጣሪ ክፍል ማነጋገር ይኖርበታል። ገላጭ ጽሑፍ የሌለው አልኮል ሲሸጥ ያየ ሰውም ለእነዚሁ አካላት ማሳወቅ ይችላል።