አዲስ አበባ መውለድ የቀነሰችው ለምንድን ነው?

በ1992 ዓ.ም. የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ሲካሄድ አንዲት ኢትዮጵያዊት በዕድሜዋ በአማካይ ስድስት ገደማ ልጆች ትወልድ ነበር። የአዲስ አበባዋ ግን 1.9 ብቻ። አንድ ሕዝብ ራሱን ለመተካት 2.1 ያህል ያስፈልገዋል። በአገሪቱ ከባለትዳር ሴቶች መካከል የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት ያን ጊዜ ከመቶ ስምንት ያህል ነበሩ። ታዲያ ይቺን ድሃ ከተማ እዚህ ቁጥር ላይ ምን አደረሳት?

ቀደም ባለው ዘመን ልጅ ሀብት ነበር። ከብት ይጠብቃል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ሲያድግ ወላጁን ይጦራል። ከተወለዱት ስንቱ እንደሚተርፍ ስለማይታወቅም አብዝቶ መውለድ ማስተማመኛ ነበር፤ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል። ያልወለደች ሴት ደግሞ ትዳሯ ሁሌም ስጋት ላይ ነበር። ምጥ ሲመጣ ጎረቤት ተሰብስቦ «ማርያም፣ ማርያም» ይላል፣ የልምድ አዋላጇ ትጠራለች፣ እናትየዋ ስትገላገል እልልታው ይቀልጣል። ከዚያ መሃሉ በቅቤና በበርበሬ የተሞላ ገንፎ ይቀርብና ጠያቂው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ወደ አራስ ቤት ይገባል። ደስታው እውነተኛ ነው፤ አደጋውም እንዲሁ። በልጅነታቸው የተዳሩ፣ ምጥ ጠንቶባቸው ለፌስቱላ የተዳረጉ ስንት ሴቶች ነበሩ! ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በአዲስ አበባ ሆስፒታል ያቋቋሙት ለእነዚህ ሴቶች ነው።

ሕጉም ለልጃገረዶች አልራራም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ ወደ 18 ያሳደገው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው። በቤተሰብ ዕቅድ ላይ የሚሠራው የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ሥራ የጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ ቢሆንም፣ መንግሥት የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ያወጣው በ1985 ዓ.ም. ነው። ፖሊሲው ከያዛቸው ጉዳዮች አንዱ የእርግዝና መከላከያን ማስተዋወቅ የሚገድቡ ሕጎች እንዲነሱ ነበር።

አዲስ አበባ ግን ፖሊሲውን አልጠበቀችም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ 3.1 የነበረው አማካይ በአሥር ዓመት ውስጥ 1.9 ሆነ። ቀዳሚው ምክንያት ያገቡ ሴቶች ድርሻ መቀነሱ ነው፤ መከላከያ በሁለተኛ ደረጃ ይመጣል። ወጣቱ ሥራ አልነበረውም፤ ከሥራም በላይ ቤት አልነበረውም። የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ ለማከራየት ብሎ ቤት የሚሠራ ጠፋ፤ የከተማው ሕዝብ ግን መጨመሩን ቀጠለ። የሠላሳ ዓመት ወንድ ከእናቱ ጋር ቀበሌ ቤት እየኖረ ሚስት የት ያስገባል? ተምራ ሥራ የምትፈልገው ሴትም ዝም ብላ አትዳርም።

ዛሬም ብዙ አልተለወጠም። ቤት ፍለጋ ደላላ ዘንድ የሄዱ ባልና ሚስት ከዋጋው ጋር «ስንት ናችሁ? ልጅ አላችሁ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቃቸዋል። ልጅ ያለው ተከራይ የማይፈልግ አከራይ ሞልቷል፤ አንድ ክፍል የተከራዩ ባለትዳሮች ሁለተኛ ልጅ ሲያስቡ ቀድሞ የሚታያቸው ይህ ነው።

በገጠሩም ነገሩ ተንቀሳቅሷል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ገብተው በመርፌ የሚሰጠውንና በክንድ የሚቀበረውን መከላከያ አዳረሱ። በ2008 ዓ.ም. ዳሰሳ ከባለትዳር ሴቶች ተጠቃሚው ከመቶ 36 ደረሰ፣ የአገሩ አማካይ ወደ 4.6 ወረደ። በዚያው ዓመት የሶማሌ ክልል 7.2፣ አዲስ አበባ 1.8 ነበሩ።

የገጠሯ ሴት ያገኘችውን ምርጫ ድል እለዋለሁ። የአዲስ አበባውን ግን ሙሉ በሙሉ ድል ለማለት ይከብደኛል፤ ሦስት ልጅ እየፈለጉ በአንድ የቆሙ ብዙዎች ናቸውና። በበዓል ሰሞን ወጣት ባልና ሚስት ስታገኙ «ሁለተኛውስ መቼ ነው?» ከማለታችሁ በፊት የቤት ኪራያቸው ስንት እንደደረሰ ጠይቋቸው።