ብልና የአባቴ ደብዳቤዎች

ሰሞኑን የአባቴን ደብዳቤዎች የያዘውን ካርቶን ስከፍት ብርማ፣ ክንፍ አልባ፣ ከኋላዋ ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያላት ነገር እብስ አለች። በደፈናው «ብል» ከምንላቸው አንዷ ናት።

ታሪኳ ረጅም ነው። በ1665 እ.ኤ.አ.፣ እኛ ጋ አፄ ፋሲለደስ ጎንደር ላይ ነግሠው ሳለ፣ እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በማይክሮስኮፕ አይቷት «ማይክሮግራፊያ» በተባለው መጽሐፉ ሥዕሏን አወጣ። መጽሐፍ የምትበሳው እሷ ናት እንደሚባልም ጻፈ። ተማሪዎቼ፣ «ማስረጃ ሳይመረመር አይፈረድም» እላችሁ አልነበር? ወረቀት ውስጥ ገብተው ክብ ቀዳዳ የሚበሱት በአብዛኛው የጥንዚዛ እጮች ናቸው። እሷ የወረቀቱን ገጽና ማጣበቂያውን ነው የምትፍቀው፤ ስታርችና ስኳር ትወዳለች። ሊኒየስም በ1758 እ.ኤ.አ. ሲሰይማት ስኳርን ከስሟ አስገብቷል።

የምትራባው እርጥበት ባለበት ነው። የእኔም ካርቶን እርጥብ ግድግዳ ተደግፎ ነው የከረመው። ስለዚህ ፍሊት ከመንፋታችሁ በፊት ካርቶኑን ከግድግዳና ከወለል አርቁ፣ ወረቀቱን ጥላ ላይ አናፍሱ፣ ሲደርቅ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ አስቀምጡ።

ከአንዱ ደብዳቤ ሁለት መስመር ተፍቆ ጠፍቷል። አባቴ ምን ብሎ እንደነበር ከእንግዲህ ማንም አያነበውም። እናንተ ቤት ያለውን ዛሬውኑ ክፈቱት፤ ፎቶም አንሱት።